ለታዳጊ መረብ ኳስ ተጫዋች የሚስማማውን ሰርቪስ መምረጥ፦ ከአርባ ምንጭ ሜዳ እስከ ጨንቻ ደጋ

በመረብ ኳስ ጨዋታ አንድ ተጫዋች የባላጋራም ሆነ የቡድን አጋር እጅ ሳይገባበት ብቻውን የሚፈጽመው ድርጊት ሰርቪስ ነው። የዳኛው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ስምንት ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ኳሱን ከእጁ ይለቃል ወይም ወደ ላይ ያነሣል፤ ከዚያም በአንድ እጁ ወይም በክንዱ ይመታዋል። ሕጉ ከዚህ ያለፈ ብዙ አይጠይቅም። ከወገብ በታች መምታት፣ ቆሞ ከራስ በላይ መምታት፣ ዘሎ መምታት፣ ኳሱን አሽከርክሮ ወይም ያለ ሽክርክሪት መላክ ሁሉም የተፈቀዱ ናቸው። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የቱን ይማር የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የጨዋታው ሕግ ሳይሆን አሠልጣኙ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከአዋቂዎች ጨዋታ የተቀዳ ነው። በቴሌቪዥን የታየው የዝላይ ሰርቪስ ኃይለኛና ማራኪ በመሆኑ ልጁ ራሱ ይመኘዋል፤ አሠልጣኙም ለመጪው የትምህርት ቤቶች ውድድር ጥቂት ነጥብ ያስገኝልኛል ብሎ ይፈቅዳል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ምርጫው መጀመር ያለበት «የትኛው ሰርቪስ ይበልጣል?» ከሚለው ሳይሆን «የዚህ ልጅ ትከሻ ዛሬ የቱን ይችላል? ኳሱስ የሚበረው በየትኛው አየር ውስጥ ነው?» ከሚሉት ጥያቄዎች ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለብዙ የዓለም ክፍል ትርፍ ሊመስል ይችላል። ለጋሞ ዞን ግን አይደለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ በ1,285 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከአርባ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ የምትደረሰው ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ጠዋት በአባያ ዳር ሙቀት ሲለማመድ ያደረ ቡድን በዚያው ዕለት በደጋው ብርድ ሊወዳደር ይችላል።

ከሶፍትቦል የሚገኝ ትምህርት

ከታች የሚመታ ሰርቪስ ለልጅ ትከሻ አይከብድም የሚለው አባባል የተለመደ ነው። መደምደሚያው ትክክል ሲሆን ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ክንድ ከትከሻ በላይ ስለማይነሣ» ይባላል። ይህን ምክንያት ፉርሽ ያደረገው በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እምብዛም የማይታወቀው ሶፍትቦል ነው።

ሶፍትቦል ከቤዝቦል የተወለደ ጨዋታ ሲሆን ወርዋሪዋ ኳሱን የምትለቀው ከዳሌዋ አጠገብ፣ ከታች ወደ ፊት ነው። ከስልቶቹ አንዱ ክንድ ወደ ኋላ ሄዶ በመጣበት ቅስት የሚመለስበት ነው። ሌላውና ዛሬ በከፍተኛ ደረጃ የሚሠራበት ደግሞ ክንዱ እንደ ነፋስ ወፍጮ ሙሉ ክብ ዞሮ ኳሱን የሚለቅበት ነው። ይህ ከታች የሚደረግ ውርወራ ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ነው፣ ትከሻም አይጎዳም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ በዚህም ምክንያት በልጆች ቤዝቦል ላይ የተጣለው የውርወራ ቁጥር ገደብ ለሶፍትቦል አስፈላጊ አይመስልም ነበር። ግሌን ፍሌሲግ የተባሉት የባዮሜካኒክስ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የነፋስ ወፍጮውን ውርወራ በፈጣን ካሜራ ሲለኩት፣ በትከሻ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከቤዝቦል ወርዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። ክንድን ከመገጣጠሚያው ነቅሎ ለማውጣት የሚታገለው ኃይል የሚመነጨው ከእጁ አቅጣጫ ሳይሆን ከዙረቱ ፍጥነት ነውና።

እንግዲህ ከታች የሚመታ የመረብ ኳስ ሰርቪስ የሚቀለው ከታች ስለሆነ አይደለም። ክንዱ የሚጓዘው ግማሽ ቅስት ብቻ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ስለሆነና ኳሱ 260 እስከ 280 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ነው። ልዩነቱ ቃላት የመሰንጠቅ ጉዳይ አይደለም፤ አሠልጣኙ ይህን ከተረዳ «ከታች ስለሆነ ሁለት መቶ ጊዜ ቢደግመው አይጎዳውም» አይልም።

ትከሻው ምን ይላል?

የመረብ ኳስን በተመለከተ ጆናታን ሪሰር፣ ፍሌሲግና ሌሎች ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ሴት ተጫዋቾችን ሰርቪስና ስፓይክ አነጻጽሯል። ቆሞ የሚመታው ሽክርክሪት የለሽ ሰርቪስ፣ በተለምዶ «ተንሳፋፊ» የሚባለው፣ በትከሻና በክርን ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከዝላይ ሰርቪስም ሆነ ከስፓይክ ያነሰ ነበር። የዝላይ ሰርቪስ በጫናው ከስፓይክ ጋር ይመደባል። ይህ ማለት ዘሎ የሚመታ ልጅ በልምምድ ሰዓት ከሚመታቸው ስፓይኮች ላይ ሌላ የስፓይክ ክምር እየጨመረ ነው ማለት ነው፤ አሠልጣኙ ግን ሰርቪሱን እንደ ማሟሟቂያ ስለሚቆጥረው አይደምረውም።

ተንሳፋፊው ሰርቪስም ከነቀፋ አያመልጥም። ጣሊያናዊው የአጥንት ሐኪም አንቶኒዮ ፌሬቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ላይ ያገኙትን ያልተለመደ ጉዳት ገለጹ፤ ከሰፊው የትከሻ አጥንት ጀርባ ያለው ኢንፍራስፓይናተስ የተባለው ጡንቻ፣ ነርቩ በመጎዳቱ ሳቢያ፣ ብዙ ሕመም ሳይሰማ ይሟሽሽ ነበር። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የተንሳፋፊው ሰርቪስ ባሕርይ ነው፤ ኳሱ እንዳይሽከረከር ሲባል ክንዱ ከመታ በኋላ በድንገት እንዲቆም ይደረጋል፣ ያን ጊዜም ነርቩ ይወጠራል። ጉዳቱ የታየው በዓመታት ልምምድ ውስጥ ባለፉ ተጫዋቾች ላይ እንጂ በጀማሪዎች ላይ አይደለም። ቢሆንም «እጅህን እዚያው አድርቀው!» የሚለው የቆየ ትእዛዝ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። ኳሱ ሳይሽከረከር እንዲሄድ የሚያደርገው መሐሉ ላይ በጠነከረ የመዳፍ ሥር መመታቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ ወደ ዒላማው ጥቂት ቢከተል የሚያመጣው ጉዳት የለም።

በታዳጊ ላይ የሚጨመረው ሌላው ነገር ዕድገት ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት በትከሻ በኩል የሚረዝምበት ልም አጥንት በሴቶች ከ14 እስከ 17፣ በወንዶች ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ከጅማትም ከአጥንትም የሚደክመው ክፍል እሱ ነው። አዋቂን ጡንቻ የሚያሳምመው ድግግሞሽ ልጅን በዚህ ክፍል ላይ ሊጎዳው ይችላል። በቤዝቦል ልጆች ላይ ከ11 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ በሚገባ የተመዘገበው የትከሻ ጉዳት ይኸው ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ በላይ የማይፈቅደውም ለዚህ ነው። የመረብ ኳስ ሕግ እንዲህ ያለ የሰርቪስ ቁጥር ገደብ የለውም፤ ቆጠራው በአሠልጣኙ ደብተር ላይ ይወድቃል።

ደብተሩ ደግሞ ከሜዳው ውጭ ያለውንም ማየት ይኖርበታል። በዶርዜና በአካባቢዋ ሽመና የወንዶች ሙያ ነው፤ ልጆች ከአባቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ይማሩታል። መወርወሪያውን ሲያመላልስ የዋለ ልጅ ትከሻው ወደ ልምምድ የሚመጣው አርፎ አይደለም። ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የወጣች ልጅም እንዲሁ። ከልምምድ በፊት «ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

አየሩ ምን ይላል?

ኳስ በአየር ውስጥ ሲጓዝ የሚቋቋመው ኃይል ከአየሩ እፍግታ ጋር ይመጣጠናል። አርባ ምንጭ ላይ በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የአየር እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 1.0 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ጨንቻ ላይ በ16 ዲግሪ ወደ 0.88 ይወርዳል። የደጋው ቅዝቃዜ አየሩን ጥቂት ያፍገዋል፤ ከፍታው ግን ከዚያ በላይ ያሳሳዋል። የተጣራው ልዩነት አሥራ ሁለት በመቶ ገደማ ነው።

ይህ አኃዝ ትንሽ የሚመስለው ኳሱ ከባድ ቢሆን ነበር። የመረብ ኳስ ግን ሰፊና ቀላል ነው። አንድ ታዳጊ በሰከንድ 13 ሜትር ፍጥነት የመታው ኳስ፣ አርባ ምንጭ ላይ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ የራሱን የኳሱን ክብደት ግማሽ ያህላል። በዚህ ፍጥነት ተመትቶ ለ1.4 ሰከንድ ያህል አየር ላይ የሚቆይ ሰርቪስ በግምታዊ ስሌት አርባ ምንጭ ላይ ከመቺው 14 ሜትር አካባቢ ርቆ ሲያርፍ፣ ያው ምት ጨንቻ ላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ስንዝር ተኩል ማለት ነው። ወደ ሜዳው መሐል ለሚላክ ሰርቪስ ይህ ከቁጥር አይገባም፤ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ለማሳረፍ ለሚያልም ግን ነጥብ በማግኘትና ነጥብ በመስጠት መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው።

አሽከርክሮ መምታት የበለጠ ይነካል። ወደ ፊት የሚሽከረከር ኳስ ከተለመደው ፈጥኖ ወደ ታች የሚወርደው አየሩ ስለሚጫነው ነው፤ የማግነስ ኃይል ይባላል። አየሩ ሲሳሳ ይህም ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከታች የመጣ ልጅ ቆላ ላይ በደንብ የወረደለት ሰርቪስ ደጋ ላይ እየረዘመ ሲወጣበት ጥፋቱን በክንዱ ላይ ይፈልጋል። አሠልጣኙም አብሮት ከፈለገ፣ ደህና የነበረውን አመታት ያበላሸዋል።

የተንሳፋፊው ሰርቪስ ጉዳይ ከዚህ ረቀቅ ይላል። ሽክርክሪት የሌለው ኳስ የሚወላወለው በኋላው ያለው የአየር ጅራት ወደ አንድ ጎን እየተቀደደ ስለሚገፋው ነው። የኳሱ ፍጥነት ከአንድ ወሳኝ መጠን በታች ሲወርድም የአየር ተቃውሞው በድንገት ያድግና ኳሱ እንደተጎተተ ይወድቃል። ይህ ወሳኝ ፍጥነት በባሕር ወለል ላይ እንደ ኳሱ ሽፋንና ስፌት በሰከንድ ከ15 እስከ 19 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ ወሳኙ ፍጥነት ከፍ ስለሚል፣ በስሌት አርባ ምንጭ ላይ ከ19 እስከ 24፣ ጨንቻ ላይ ከ21 እስከ 26 ሜትር ይደርሳል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቆሞ የሚመታው ኳስ ከዚህ ሁሉ በታች ስለሚጓዝ፣ በዓለም አቀፍ ውድድር የሚታየው ድንገተኛ ውድቀት ለእሱ አይገኝለትም። በአፈር ሜዳ ላይ ተፍቆ የሻከረ ኳስ ወሳኙን ፍጥነት ጥቂት ዝቅ ሊያደርገው ቢችልም መሠረታዊው ሥዕል አይለወጥም። ይህን መረዳት ተንሳፋፊውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የጎን ውልወላው ይቀራልና። ነገር ግን «ኳሱ እንዲወድቅ ይበልጥ ምታው» እያሉ የልጅን ክንድ ማስጨነቅ በዚህ ከፍታ ፍሬ የለውም።

ስለ ኳሱ ግፊትም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነውና። ሕጉ የኳስ ውስጣዊ ግፊት ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም በሳንቲ ሜትር ካሬ እንዲሆን ያዛል። ይህ ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት ነው። አርባ ምንጭ ላይ በ0.31 ተነፍቶ ወደ ጨንቻ የወጣ ኳስ፣ የውጭው ግፊት ስለቀነሰ፣ ቅዝቃዜው ጥቂት ቢያለዝበውም ወደ 0.40 ይጠጋል። በተቃራኒው ጨንቻ ላይ ልኩን ይዞ የወረደ ኳስ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወደ 0.22 ይወርዳል። የመጀመሪያው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የጀማሪ ተቀባዮችን ክንድ ይለበልባል፤ ሁለተኛው ሲመታ ጉልበት እየዋጠ ስለማይርቅ ልጁ ሳያውቀው ትከሻውን ይጨምርበታል።

ምርጫው በሜዳ ላይ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አካሄድ ከዕድሜ ሠንጠረዥ ይልቅ በልጁ ችሎታ ላይ ይቆማል። ከታች የሚመታው ሰርቪስ መነሻ ይሁን፤ ቶሎ የሚታለፍ የሕፃናት ጨዋታ ተደርጎ ግን አይቆጠር። ለዚህ የአርቲሜቲክ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የነጥብ አያያዝ፣ ያልተሳካ ሰርቪስ ሁሉ ለባላጋራ አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ ቀድሞ የሚያሳጣው የመምታት ተራን ብቻ ነበር። ለምሳሌ አንድ ልጅ ዘሎ ከመታቸው አሥር ሰርቪሶች አምስቱ ሜዳ ቢገቡና ከእነዚህም ሦስቱ ነጥብ ቢያስገኙ፣ ያልገቡት አምስቱ ለባላጋራ ስለሚቆጠሩ ውጤቱ የሁለት ነጥብ ኪሳራ ነው። ከታች መትቶ ዘጠኙን ቢያስገባና ከተቀባዮቹ ደካማነት የተነሣ አራቱ ነጥብ ቢሆኑ፣ ያልገባው አንዱ ተቀንሶ ትርፉ ሦስት ነው። በጀማሪዎች ደረጃ ሰርቪስ የመቀበል ችሎታ ገና ያልዳበረ ስለሆነ መረብ ያለፈ ኳስ ሁሉ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ደግሞ መረቡን ነክቶ ያለፈ ሰርቪስ ጨዋታው ይቀጥልበታል፤ ይህም ዝግ ላለ ሰርቪስ ይጠቅማል።

ወደ ራስ በላይ ለመሸጋገር ጊዜው መድረሱን የሚያሳየው መወርወር መቻል ነው። አርባ ምንጭ እግር ኳስ የነገሠባት ከተማ ናት፤ በሲቀላና በሼቻ መንደሮች ብዙ ልጅ ከመወርወር በፊት መርገጥን ይማራል። ቡቃያ ሲጠብቅ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ያደገ የገጠር ልጅ በዚህ ረገድ ሊቀድም ይችላል። ከመጨረሻው መስመር ቆሞ ኳሱን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ወርውሮ መረብ ማሳለፍ የማይችል ልጅ፣ መትቶ ለማሳለፍ ቢሞክር የሚጎድለውን የሚሞላው ወገቡን አጣምሞና ትከሻውን ወጥሮ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይወርውር፤ እግር፣ ዳሌ፣ ደረት፣ ክንድ በተራቸው ሲሠሩ ይታይ።

ከዚያም ርቀቱ ይጠር። መስመሩ ከመረቡ ዘጠኝ ሜትር ላይ ነው። ለልምምድ ግን ከአምስት ወይም ከስድስት ሜትር ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የሚከለክል ሕግ የለም። የመረቡ ቁመትም እንዲሁ ነው፤ 2.24 ሜትር ለአዋቂ ሴቶች፣ 2.43 ሜትር ለአዋቂ ወንዶች የተደነገገ ሲሆን ለታዳጊዎች ዝቅ ማድረግ ይቻላል። መረቡ በአዋቂ ቁመት ተሰቅሎ፣ መስመሩ ሙሉ ሆኖ፣ «ይሄ ልጅ ጉልበት የለውም» ማለት ፍርድ አይደለም።

የተንሳፋፊው ሰርቪስ ግማሽ ሥራ የኳሱ አነሣስ ነው። ጣሪያ በሌለው ሜዳ፣ ከሐይቆቹ በኩል ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት፣ ከፍ ብሎ የተነሣ ኳስ ከተፈለገበት ቦታ ይሸሻል፤ ልጁም ሊያሳድደው ክንዱን ከሰውነቱ ያርቃል። ከእጅ ብዙም የማይርቅ ዝቅተኛ አነሣስ ከነፋስም ከትከሻ ጉዳትም ይጠብቃል። የዝላይ ሰርቪስ ለዚህ ከሁሉም ይልቅ ይጋለጣል፤ ኳሱ ከፍ ብሎና ወደ ፊት መነሣት አለበት፣ ማረፊያውም የተስተካከለ መሬት ይፈልጋል። ድንጋያማ የአፈር ሜዳ ላይ በሙሉ ፍጥነት ዘሎ የሚወርድ ታዳጊ ለአደጋ የሚያጋልጠው ትከሻውን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱንም ነው። ስለዚህ የዝላይ ሰርቪስ የአጥንት ዕድገቱ ወደ ማብቂያው የተቃረበ፣ ቆሞ የሚመታውን አሥር ጊዜ ሞክሮ ስምንት ወይም ዘጠኙን የሚያስገባ ተጫዋች ድርሻ ሊሆን ይገባል። በቡድኑ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ቢገኝ አንዱ ይበቃል።

በዞኑ ያለው የከፍታ ልዩነት ለተመራቂ ተማሪዎች ርካሽ የምርምር ሜዳም ነው። አንድ ዓይነት ኳስ በሁለቱም ቦታ ልኩን እንዲይዝ እየተነፋ፣ እነዚያው ታዳጊዎች ሲቀላ ላይና ጨንቻ ላይ በሦስቱም ዘዴ እንዲመቱ ማድረግ፣ ኳሱ ያረፈበትን በኖራ በተሰመረ መሬት ላይ በሜትር መለካት፣ ፍጥነቱን ከጎን በተቀረጸ የስልክ ቪዲዮ ማስላት ይቻላል። የሙቀት መለኪያ፣ የኳስ ግፊት መለኪያና ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይበቃል። የወላጅ ፈቃድና የሰርቪስ ቁጥር ገደብ ግን ከመለኪያዎቹ በፊት ይቀድማሉ።